የአገጭ ሥር መርፌ

ኅዳር 9 ቀን 2017፣ ሮቤ

የጎሮዎቹ ሽማግሌዎች መጥተው ሄዱ። ነገሩ አለቀ፤ እህቴ ሰቢሪና ለሳላሀዲን ተሰጠች። ኒካሑ ረመዳን ሳይገባ፣ በሻዕባን እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። ልጁን አይቼዋለሁ፤ ኮምባይነር ይዞ ከጎሮ እስከ ሲናና የሰው ስንዴ ሲያጭድ የሚውል፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ልጅ ነው። አንገቱን የደፋ ሁሉ ጨዋ ነው ብዬ ግን አላምንም።

አጎቴ ዘይነዲን በሟቹ አባታችን ቦታ ተቀምጠው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደ ወጉ ልጅቷ ነውር ወይም የተደበቀ ሕመም ይኖርባት እንደሆነ ጠየቁ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አጎቴ "አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነች" አሉ። አልዋሹም። ድናለች ብዬ የነገርኳቸውን ነው የተናገሩት።

የእህቴ በሽታ ሉፐስ ይባላል። ሐኪሙ እንዳስረዳን ሰውነቷ የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል፤ አንዴ መገጣጠሚያዋን፣ አንዴ ቆዳዋን፣ ሲከፋ ደግሞ ኩላሊቷን። ክኒኗን በየጠዋቱ ከዋጠች ግን እንደ ማናችንም ትሠራለች፣ ትስቃለች። ታዲያ ምኑ ይወራል? የማሳክማትም አዲስ አበባ ነው፤ ጎባ ሆስፒታል በር ላይ የሚያውቀን ሰው ብዙ ነው።

ዛሬ ለቤቱ ሕግ አወጣሁ። እስከ ኒካሑ ድረስ የበሽታው ስም አይነሳም፤ ስለ ሰቢሪና የሚጠየቅ ነገር ካለ እኔ እመልሳለሁ። እማ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" አለችኝ። እኔም "ዝም አይነቅዝም" አልኳት። ተረት ለተረት ተያየን።

እውነት ተናግሬ ያተረፍኩትን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ጽንስ ሲወርድብኝ ለአማቴ እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ልብሴን በሻንጣ አድርገው እማ ደጅ ላይ አስቀመጡልኝ።

ኅዳር 16

የሙሽራ ቀሚሷን ቆረጥኩ። ለስንቱ ሙሽራ ሰፍቻለሁ፣ ደጋግሜ የለካሁት ግን የዛሬውን ነው። አንገቱ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ክኒኑ ፊቷን ክብ አድርጎታል፣ ከአገጯ ሥር ደግሞ ሌላ አገጭ ጨምሮላታል። "ፎቶ ስትነሺ ቀና በይ፣ አለዚያ ሁለት ሆነሽ ትወጫለሽ" አልኳት። ሳቀች። ከትንሽነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምንቀልደው።

ምሳዋን አልበላችም። ሙሽራ ሲሏት የማትበላ እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ሱቅ ገቡ። ሰቢሪና ቁልፍ ስትተክል አዩዋትና አንዷ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለሳላሀዲን ያገኙለት ይህችን ነው ወይ፣ ፊቷ ዳቦ መስሏል አለቻት። ሌላዋ ተመችቷት ነው ብላ ሳቀች። ቀስ ያሉት እኔ እንዳልሰማ ነው እንጂ ሰቢሪና አጠገባቸው ነበረች። ጨርቅ ነካክተው ምንም ሳያሰፉ ወጡ። የተላኩ ናቸው። ከጎሮ ሊያዩን የተላኩ ካልሆኑ ለምን መጡ?

ኅዳር 24

ጎባ ሄደን ነበር፣ ፈይሩዝ ጋ። ፈይሩዝ የሳላሀዲን የአክስት ልጅ ነች፤ የውበት ሳሎን አላት። ሂና ትስላለች፣ ፀጉር ትሠራለች፤ በመጋረጃ የጋረደችው ጓዳም አላት፣ እዚያ ምን እንደምትሠራ እንጃ። አዲስ አበባ ወርዳ ሥልጠና ወስዳለች አሉ። ግድግዳዋ ላይ የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አድርጋ ሰቅላለች። ሰቢሪና ከእሷ ጋር በስልክ ስትጻጻፍ እንደከረመች እዚያ ደርሼ ነው ያወቅኩት። አልወደድኩትም።

ፈይሩዝ የሰቢሪናን ፀጉር እያበጠረች በመስታወቱ ውስጥ ጥያቄ ጀመረች። በሽታ አለብሽ ወይ? ስኳር፣ የመገጣጠሚያ፣ ሰውነት የሚቆጣበት ነገር? በየቀኑ የምትውጪው መድኃኒትስ? ጆሮዬ ቆመ። ለሂናና ለፀጉር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ልከው ያላገኙትን በማበጠሪያ ሊያወጡ ነው። ሰቢሪና ዞራ እኔን አየችኝ። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር።

ቀደምኳት። "የእኔ እህት ጉንፋን እንኳ አይዛትም። ክኒን በቤታችን አይታወቅም" አልኩ።

ፈይሩዝ ማበጠሪያውን አቁማ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ።

"ወላሂ" አልኳት።

አስተግፊሩላህ። ግን ምን ላድርግ? ሰላይ ፊት ነው የማልኩት።

ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ ስታይ መጣች። ለምን ዝም አልሽ ብላት "አንቺ ተናገርሽልኝ አይደል" አለችኝ። ምስጋና መሰለኝ።

ታኅሣሥ 5

ሥራ ገደለኝ። እህል ገባ፣ ሰርግ በዛ። ሰቢሪና ለብቻዋ ጎባ ሄደች፣ ፀጉሯን ልትሠራ። ሻሿን እስከ አገጯ አጥብቃ አስራ ተመለሰች። ብርድ ነው አለች። እራት እምቢ። ማኘክ ያመኛል አለች፣ ቆይታ ደግሞ አላልኩም አለች።

ታኅሣሥ 15

በቤታችን ወንድ የለም። እማ፣ እኔና እሷ ነን። እሷ ግን ሂጃቧን ቤት ውስጥም አታወልቅም፤ ከአገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች፣ ይዛው ትተኛለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ለመልመድ ነው ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልለመደችው ጨርቅ ነው እንዴ?

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ብርጭቆ ሰበረች። ዛሬ ጠዋት ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ አየኋት፣ የሱቁን መቀስም ለእኔ ተወችው። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። ሴት ልጅ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሲሆንና አንገቷን ስትሸፍን ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወንድ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ወንድ አንገት ላይ ምልክት ይተዋል።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ፊቷ ጎደል ማለቱ ነው። ጉንጯ እንደ ድሮው ሊሆን ነው። "ይኸውልሽ፣ እንዲህ ቀጥይ" አልኳት። ደስ ብሏት አቀፈችኝ። ሰውነቷ ሞቃት ነበር።

ታኅሣሥ 26

ውርጩ ዛሬ ጠዋት የበርሜሉን ውኃ በረዶ አድርጎት ነበር። ለእማ ውኃ ላሞቅ ስነሳ ሰቢሪና በጓሮ በኩል ስልክ ይዛ ቆማለች። ማዳመጥ ፈልጌ አይደለም። በሩ ክፍት ነበር።

"አሁንም ያቃጥለኛል" ትላለች። "እብጠቱ ይጠፋል ብለሽኝ ነበር እኮ፣ ፈይሩዝ። … አይ፣ ማንም አላየውም። … እህቴ? እህቴማ ካወቀች አለቀልኝ።"

ቀኑን ሙሉ ይህን ስመነዝር ዋልኩ። ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ማንም አላየውም። ፈይሩዝ ማን ናት? የእሱ ዘመድ። ታዲያ ለማን ትሸፋፍናለች? ለእሱ ነዋ። ያ አንገት ደፊ ልጅ ገና ሳያገባት በዚያ መጋረጃ ጀርባ እያገኛት እጁን አንስቶባታል፣ ወይም ከዚያ የባሰ አድርጓል። ቤታቸውን ሳያውቁ ልጅ መስጠት ይኸው ነው።

ለምን አልጠየቅኳትም? ብትነግረኝ ሰርጉ ይፈርሳላ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ጥር 4

አልቻልኩም። ለሳላሀዲን ደወልኩ። ማሽን ላይ ነበር፣ አጥፍቶ ወረደ። ሰላምታውን ሳልመልስ ልጅቷን ምን አደረግካት አልኩት። አንገቷን፣ አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው፣ ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ በዓይኑ እንዳላያት፣ ከማሳ እንዳልወጣ፣ ከፈለግሁ ሠራተኞቹን እንድጠይቅ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ "አሟታል እንዴ?" አለኝ።

"ማን አለህ?" ብዬ ዘጋሁበት።

እነሆ፣ አሟታል እንዴ አለ። ከየት አመጣው? የሰማው ነገር አለ።

ሰቢሪና ማምሻውን ሰማች፤ እሱ ራሱ ደውሎላት ነው። እንጀራዋን ወደ እማ ገፋ አድርጋ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የምትለው እሺ ብቻ ነው። ጨው አቀብይኝ፣ እሺ። ቀሚሱን ለኪው፣ እሺ።

ጥር 12

ሲምቦ ከጥምቀት ተመልሳ ሱቋን ከፈተች። ጎረቤቴ ነች፣ የስልክ ዕቃ ትሸጣለች፣ ወሬም በነፃ ትጨምራለች። ጎባ ያሉ ልጆች አዲስ ነገር ይዘዋል አለችኝ፦ አገጭ ሥር የሚወጋ፣ ስብ የሚያቀልጥ መርፌ። አንድ ሁለቴ ተወግቶ ፊት እንደ ሞዴል ይሆናል። በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ፤ መርፌው ሲገባ ልጅቷ ትስቃለች። ያንቺ ሙሽራም የሞከረች ይመስለኛል፣ አምሮባታል አለች።

ተቆጣሁ። እህቴ ለመርፌ እንግዳ አይደለችም፣ ደስ ብሏት አትወጋም ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሲምቦ የምትለው ውሸት ነው። ሰቢሪና ሐኪም ሳታማክር እንዲህ ዓይነት ነገር አትነካም።

ግን ሐኪሟ አዲስ አበባ ነው። በሰርጉ ሰበብ የታኅሣሥ ቀጠሮዋን እኔ ነኝ ያስተላለፍኩት።

ልጠይቃት ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ተኝታ ነበር። ሂጃቡን ላነሳው እጄን ዘርግቼ መለስኩ። ነገ እጠይቃታለሁ።

ጥር 13

ደንበኛ በዛ። ነገ።

ጥር 19፣ ጎባ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

ጎህ ሲቀድ እማ ጠራችኝ። ሰቢሪና በትኩሳት ትቃጠላለች፣ ጉልበቷን ማጠፍ አልቻለችም። እማ ማንንም ሳትጠይቅ ሂጃቡን ፈታችው።

ከአገጯ ሥር ያለው ሁሉ ቀልቷል፣ ጠጥሯል፣ ትናንሽ የመርፌ ቀዳዳዎች ረድፍ ይዘው ይታያሉ፣ ከአንዱ መግል ይወጣል። እግሯም አብጧል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ጎድጉዶ ቀረ። እማ "ያ ረቢ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄን" ብላ ተቀመጠች።

ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ። መንገዱ አያልቅም። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋለች።

ድንገተኛ ክፍል የገባን ጊዜ ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ነበረች፣ ዶክተር ሴና ይሏታል። የቆየ በሽታ አላት? የምትወስደው መድኃኒት? አለችኝ። አጠገባችን ባለው አልጋ አንዲት ሴትዮ ልጇን ታስታምማለች። አወቅኋት። የሳላሀዲን እናት ጎረቤት ነች፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከመጡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ዓይኗን ተክላብናለች።

"የለም፣ ጤነኛ ነበረች፣ ብርድ ነው" አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሳላስበው ነው የወጣው።

ሰቢሪና ዓይኗን ገለጠች። ጮክ ብላ አልተናገረችም፣ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማ። "ዶክተር፣ እህቴ ትውጣልኝ። እኔን ጠይቂኝ። ሉፐስ አለብኝ። መርፌ ተወግቻለሁ። ክኒኔንም ትቻለሁ።"

ነርሷ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ይህን የምጽፈው በሩ ሥር ተቀምጬ ነው።

ጥር 20

ዶክተሯ ዛሬ እኔንና እማን ጠርታ አነጋገረችን። ስድብ ጠብቄ ነበር፣ አልተሳደበችም።

ሰቢሪና ሁለት ጊዜ ተወግታለች። ፊት የሚያሳብጠው ያ ክኒን ነው ብላ ክኒኑን ከኅዳር መጨረሻ ጀምራ ቀንሳ ቀንሳ ትታዋለች። ጉንጯ ጎደለ ብዬ ደስ ያለኝ ጊዜ ማለት ነው።

መርፌው ነው ወይስ ክኒኑን መተዋ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት። የጠየቅኋት ጥፋቱን በአንዱ ላይ ለይቼ እንድጥል ነበር። አልለየችልኝም። መርፌው ሆን ብሎ ሥጋን የሚያስቆጣ ነገር ነው አለች፤ ጤነኛ ሰው ላይ ያብጥና ይሄዳል። የእህትሽ ሰውነት ግን ራሱን ለመውጋት ምክንያት የሚፈልግ ሰውነት ነው፤ በዚያ ላይ መከላከያውን የሚያደክም መድኃኒት ስትወስድ የኖረች ስለሆነች ቁስሏ በቀላሉ ይመረዛል። ክኒኑን ያለ ሐኪም መተው ደግሞ ብቻውንም አደጋ ነው። ሁሉም አንድ ላይ መጣ።

እንደ እሷ ላለ ሰው ይህ መርፌ ደህና ይሆናል የሚል ማስረጃ አለ ወይ አልኳት። "የማውቀው የለም" አለችኝ። "መርፌውን ሰው ላይ ሲሞክሩት እንዲህ ዓይነት በሽታ ያለባቸውን ብዙ ጊዜ አያስገቡም። ስለዚህ በሰለጠነ ሐኪም እጅ እንኳ ከሚከታተላት ሐኪም ጋር ሳይመከር አይነካም። እህትሽ የተወጋችበት የመድኃኒት ጠርሙስ ደግሞ ውስጡ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም።"

ኩላሊቷ ተነክቷል። ምን ያህል እንደሆነ ምርመራው ይናገራል። እማ ከዳነችልኝ ሼክ ሁሴን ድረስ ለዚያራ እሄዳለሁ ብላ ተሳለች፣ በዚያ ጉልበቷ።

ጥር 22

ፈይሩዝ ጋ ሄድኩ። ልጣላት ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ስድቤን ሳዘጋጅ ነበር። ሳሎኗ ተዘግቷል፣ ቤቷ አገኘኋት። ፊቷ አብጧል፣ ስታለቅስ የከረመች ትመስላለች። ማልቀሷንም አላመንኩም።

የሰው ልጅ ገደልሽ አልኳት። ሐኪም ነሽ? ነርስ ነሽ? በማበጠሪያ ቤት መርፌ ማን ፈቀደልሽ? የተማርኩት አንድ ሳምንት ነው አለች፣ አልካደችም። ጥፋተኛ ነኝ አለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ጥያለሁ አለች። እዚያ ላይ ብትቆም ጥሩ ነበር።

"ግን ጠይቄያለሁ፣ ረቢያ" አለችኝ። "ከተማርኩት ውስጥ ዋናው እሱ ነበር፤ በሽታ ያለበትን፣ መድኃኒት የሚወስድን አትንኪ። እሷ በስልክ ስለ መርፌው ስትለምነኝ መጀመሪያ ትምጣና ልጠይቃት አልኩ። አንቺ ፊት ጠየቅኋት። ወላሂ አልሽኝ።"

"ከዚያ ለብቻዋ ስትመጣስ?"

"ታላቋ መስክራላት፣ ሙሽራን ደግሜ እንዴት ልጠይቅ? ያንቺን መሐላ ውሸት ማድረግ ይሆንብኛል።"

ወግ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ደግሜ አልጠይቅም። የሴት ልጅን ነገር ታላቋ ትመልሳለች፣ ታላቋ ከማለች ያበቃል።

ያዘጋጀሁትን ስድብ ይዤ ተመለስኩ። ለፀጉር ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል ብዬ መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ ለፀጉር አልነበረማ። ብጠይቅስ? ለምን ትጠይቂያለሽ ብላት ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ጠርጣራ ነኝ እያልኩ ስመካ፣ ያን ቀን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። መልስ ብቻ ነበር የያዝኩት።

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለሰቢሪና መንገር አያስፈልግም፣ ስምል እዚያው ነበረች።

ጥር 24

ትኩሳቱ ወርዷል። መግሉን አውጥተውላታል፣ ክኒኑን በሐኪም እጅ መልሰው ጀምረውላታል። እግሯ አሁንም እንዳበጠ ነው። እማን ታወራለች፣ ነርሶቹን ታወራለች። እኔ ሾርባ አስገብቼ እወጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሳላሀዲን መጣ። የስንዴ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ከማሳ በቀጥታ ነው የመጣው። ያቺ የጎሮ ሴትዮ ነግራለች፤ ምን እንደነገረች ግን አላወቅኩም። ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ባለፈው እንዲያ ሰድቤው እንኳ ሰላምታውን አልነፈገኝም፤ አሰላሙ ዐለይኩም ብሎ ቆመ።

"ምን ሆና ነው?" አለኝ።

መልስ ነበረኝ። ሌሊቱን ስሠራው ያደርኩት መልስ ነው፦ ታይፎይድ ነው፣ ሴትዮዋ ተሳስታ ነው የሰማችው፣ ዶክተሯ ከሳምንት በኋላ ትወጣለች ብላለች። ፊቱን አየሁት። ያምነኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው፣ አንገቱን የደፋው ለዚህ ነው።

"እሷን ጠይቃት" አልኩት።

ገባ። እማን ይዣት ወጣሁ፤ በሩን እኔው ራሴ ዘጋሁት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ድረስ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ አይሰማም። እማ ብዙ ቆየ አለችኝ። አዎ አልኳት። በውስጤ ስንት ነገር መጣ፤ እየተዋት ነው፣ እየተሳደበ ነው፣ እናቱ ልካው ነው። ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የእማን እጅ ሳመ። እኔን ደህና ዋይ አለኝና ደረጃውን ወረደ። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ገባሁ። ሰቢሪና ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ፋሻው ይታያል።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከድንገተኛ ክፍሉ ቀን ወዲህ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"አልነግርሽም" አለችኝ።

እልኼ መጣ። እህትሽ ነኝ፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ ልላት ነበር። ከዚያ አየኋት፤ እምቢ የምትለኝ ቁጭ ብላ ነው፣ እየተነፈሰች ነው። እሺ አልኳት። ሾርባውን አጠገቧ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ውጭ ሆኜም አለቀስኩ።

የኩላሊቷ ምርመራ ውጤት ነገ ጠዋት ይመጣል። ዶክተሯ ለማን ልንገር ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለሰቢሪና፣ ለብቻዋ አልኳት።